ድንጋዩ እንጨት ሲመስል

ላሊበላ ሄዶ ፎቶ ሳያነሳ የተመለሰ ሰው ማግኘት ይከብዳል። የተነሱትን ፎቶዎች ጎን ለጎን ደርድሮ የትኛው የማን እንደሆነ መለየት ደግሞ ከዚያ የባሰ ይከብዳል።

ከቀትር በኋላ ከቤተ ጊዮርጊስ በላይ ባለው ገላጣ አለት ላይ መቆሚያ አይገኝም። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል የመስቀል ቅርጽ ያለው ሕንጻ ፊት ቅላቱ ይጎላል፤ ድንጋዩ ላይ የተለጠፈው ቢጫ የድንጋይ ሽበትም ደምቆ ይታያል። ይህን ሰዓት የማያውቅ አስጎብኚ የለም። እንግዳው ሳይጠይቅ «እዚህ ጋ ይቁሙ፤ ከዚህ ነው የሚያምረው» ብሎ ያቆመዋል። ከውጭ አገር የመጣው ቱሪስት፣ ከአዲስ አበባ ለበዓል የወጣው ቤተሰብ፣ ለስብሰባ መጥቶ ግማሽ ቀን የተረፈው የመሥሪያ ቤት ሰው፣ ሁሉም ተራ በተራ እዚያችው ላይ ይቆማሉ። አንዱ ባንዱ ውስጥ የተቀረጹ ሦስት መስቀሎች ያሉበት ጣሪያ ከመሬቱ ጋር እኩል ነው፤ ሕንጻው ከዚያ ወደ ታች 12 ሜትር ያህል ይወርዳል። ስልኩ ቀጭ ይላል፤ የሚቀጥለው ሰው ይተካል።

ፎቶው መጥፎ ሆኖ አይደለም። እንዲያውም ከዚያ ቦታ መጥፎ ፎቶ ማንሳት ይቸግራል። ነገር ግን ከዚያ ጠርዝ የተነሳ ምስል ሁሉ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሕንጻው ከአንድ ወጥ አለት መውጣቱን። ይህን ደግሞ ከትምህርት ቤት መጽሐፋችን ጀምሮ እናውቀዋለን። በግማሽ ብቻ የምናውቀው፣ ጠራቢዎቹ መሮ ይዘው አለቱ ፊት ሲቆሙ በልቡናቸው ምን ዓይነት ቤት እንደነበረ ነው። ባዶ አለት ፊት የቆመ ሰው ፈልፍሎ የሚያወጣው አስቀድሞ ያየውን፣ ገብቶ የጸለየበትን ቤት ነው። ያ ቤት ደግሞ ከእንጨት፣ ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራ ነበር። የዚያ ቤት ዘር እዚያው ላስታ ውስጥ፣ ከቤተ ጊዮርጊስ ብዙም ሳይርቅ ዛሬም ቆሟል። ካሜራ የያዘ መንገደኛ ላሊበላን ከመጎብኘቱ በፊት እሱን ቢያይ ይሻለዋል የሚል ሐሳብ አለኝ። አብዛኛው ሰው የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ላሊበላን ጨርሶ፣ ጊዜ ከተረፈው ወደዚያ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ደግሞ አይተርፈውም።

«ባዶ አለት ፊት የቆመ ሰው ፈልፍሎ የሚያወጣው አስቀድሞ ያየውን ቤት ነው።»

መጀመሪያ ወደ ዋሻው

ያልኩት ቤት ይምርሐነ ክርስቶስ ይባላል፤ ከላሊበላ በስተሰሜን፣ ተራራ ለተራራ እየተጠማዘዙ ከአንድ ሰዓት በላይ በመኪና የሚደረስበት ነው። የገብስና የስንዴ እርሻ፣ ከዚያ ገደል፣ ከዚያ እንደገና እርሻ። መኪናው የሚቆመው ከታች ነው። ቀሪው በእግር፣ በጥድ ደን ውስጥ ወደ ላይ የሚያስወጣ መንገድ ነው። የከፍታው አየር ስስ በመሆኑ ከቆላ የመጣ ሰው መሐል ላይ አረፍ ማለቱ አይቀርም። ስታርፉ ካሜራውን አታውጡ፤ የሚነሳው ነገር ገና ነው።

ዋሻው ሰፊ አፍ አለው። አፉ በኋላ ዘመን በተሠራ ግንብ ስለተዘጋ ከውጭ ሲታይ ብዙም አያጓጓም። በበሩ ሲገቡ ዓይን ለጊዜው ይታወራል። ቆይቶ ከጨለማው ውስጥ አንድ ባለ መስመር ነገር ብቅ ይላል፤ ነጭ፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር። ቤተ ክርስቲያኑ ነው። ከአለት የተፈለፈለ አይደለም፤ እንደማንኛውም ቤት ከመሠረት ተነስቶ ወደ ላይ የተገነባ ነው፤ የተገነባው ግን ዋሻ ውስጥ ነው። ጥቁሩ መስመር በአግድም የተጋደመ የተጠረበ እንጨት ነው። ነጩ በእንጨቶቹ መካከል የተሞላውና በጀሶ የተለሰነው የድንጋይ ግንብ ነው። አንዱ ወደ ውጭ ትንሽ ገፋ፣ ሌላው ወደ ውስጥ ትንሽ ገባ ብሏል። ይህን ገፋና ገባ ማለት አስታውሱት፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

ትውፊቱ ሕንጻውን የሚሰጠው ከቅዱስ ላሊበላ በፊት ለነገሠው ለዛጉዌው ንጉሥና ካህን ለይምርሐነ ክርስቶስ ነው። አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ11ኛውና በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መካከል ያደርጉታል። ካህናቱ ከሥሩ ውኃ እንዳለ፣ ቤተ ክርስቲያኑም በረግረግ ላይ በተነጠፈ እንጨት ላይ እንደቆመ ይተርካሉ። ከጎኑ የንጉሡ መኖሪያ ነበር የሚባል ሌላ ሕንጻ አለ። ከውስጥ ጣሪያው በልዩ ልዩ ቅርጽ በተገጣጠመ እንጨት ያጌጠ ነው፤ ግድግዳው ላይ በአገራችን ካሉት ጥንታውያን ከሚባሉት የሚመደቡ ሥዕሎች አሉ፤ ዕድሜና ጭስ አደብዝዟቸዋል።

አንድ ዋሻ ካሜራን የሚፈትነውን ያህል የሚፈትነው ነገር የለም። የሰው ዓይን ብርሃኑንም ጨለማውንም ባንዴ ያስታርቃል፤ ስልክ ግን አንዱን ይመርጣል። በሩን ካመነ ውስጡ ከሰል ይሆናል፤ ውስጡን ካመነ በሩ ይነድዳል። ስለዚህ ጀርባን ለበሩ መስጠት ነው። ከበሩ የሚገባው ብርሃን ከኋላችሁ መጥቶ ነጩ ልስን ላይ ሲያርፍ ግድግዳው ራሱ የሚያበራ ይመስላል። ከዚያ ስልኩን አንድ ነገር ላይ አስደግፎ፣ ትንፋሽን ውጦ፣ በዝግታ ማንሳት ነው። ፍላሽ ከተጠቀማችሁ እንጨቱና ልስኑ አንድ ዝርግ ነገር ይሆኑና መስመሩ ይጠፋል። ሥዕሎቹ ላይ ማብራት ደግሞ ከነጭራሹ አይገባም፤ የደከመ ቀለም ነው፤ ካህናቱም አይወዱትም።

ከቤተ ክርስቲያኑ ኋላ፣ ዋሻው ወደ ውስጥ በሚዘልቅበት ጨለማ፣ የጥንት ምእመናንና ተሳላሚዎች አስከሬን ተከምሯል፤ የደረቀ ቆዳና አጥንት፣ ከነመገነዣው። ብዙ ጎብኚ ፊቱን ከቤተ ክርስቲያኑ ቶሎ አዙሮ ወደዚያ የሚሮጠው ለዚህ ነው። መነሳት የለባቸውም የሚል ጽሑፍ አላየሁም። እኔ ግን ቅዱስ ቦታ ላይ መቀበርን ተመኝተው የሞቱ ሰዎችን ፊት ለማኅበራዊ ሚዲያ ማብላት ደስ አይለኝም። የፈለገ ያንሳ፤ ከግድግዳው ቀድሞ ግን አይሁን።

ወራጅና የዝንጀሮ ራስ

ይህ የእንጨትና የድንጋይ ድርድር ከላስታ የጀመረ አይደለም። ምንጩ አክሱም ነው። አክሱማውያን ትልልቅ ቤቶቻቸውን ሲሠሩ ያልተጠረበ ድንጋይ በጭቃ ይደረድሩ ነበር። ጭቃ ብቻውን ረጅም ግድግዳ አይዝም። ስለዚህ በየደረጃው ረጃጅም እንጨቶችን ከግድግዳው ርዝመት ጋር አጋደሙ። የውስጡንና የውጭውን ፊት ለማሰር ደግሞ አጫጭር እንጨቶችን ከዳር እስከ ዳር አሳልፈው ሰደሩ። የነዚህ አጫጭር እንጨቶች ጫፍ ከግድግዳው ወደ ውጭ ብቅ ብሎ ይቀራል። ክብ ክብ ሆኖ በመደዳ ሲታይ ለጫፉ የወጣለት ስም የዝንጀሮ ራስ ነው። በርና መስኮቱም የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ መቃኑና ጉበኑ በማዕዘኑ ላይ በሚገናኙበት ቦታ አራት ማዕዘን የእንጨት ጫፎች ወደ ውጭ ይወጣሉ። ገጠር ውስጥ የጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋበትም፤ ማገር ቤቱን ለምን እንደሚይዘው ያውቃልና።

እስከዚህ ድረስ የግንባታ ብልሃት ነው። የሚገርመው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። እንጨት የማያስፈልገው ሥራ ላይ እንኳን እንጨቱ ቀረ። የአክሱም ታላላቅ ሐውልቶች ከአንድ ድንጋይ የተጠረቡ ናቸው፤ በውስጣቸው አንድ ክፍል የለም። ፊታቸው ላይ ግን ፎቅ በፎቅ መስኮት ተቀርጿል፤ በየፎቁ መካከል የዝንጀሮ ራስ በመደዳ ተደርድሯል፤ ከታች በር አለ፤ በሩ ላይ የድንጋይ ቁልፍ አለ። ወድቆ የተሰበረው ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ርዝመትና ከ500 ቶን በላይ ክብደት እንዳለው ይገመታል፤ ፊቱ 13 ፎቅ ያሳያል። አንድም እንጨት ሳይኖርበት የእንጨት ቤት ነው።

ላስታ ላይም የሆነው ይኸው ነው።

«አንድም እንጨት ሳይኖርበት የእንጨት ቤት ነው።»

አለቱ የለበሰው ግድግዳ

ከይምርሐነ ክርስቶስ መልስ ቀጥታ ወደ ቤተ ጊዮርጊስ አትሂዱ። ዮርዳኖስ ከሚባለው ጅረት ማዶ ወዳለው ምድብ፣ ወደ ቤተ አማኑኤል ግቡ። ቤተ አማኑኤል ዙሪያውን ተቆፍሮ ለብቻው የቆመ ወጥ ሕንጻ ነው። ፊቱን ስታዩት በአግድም የሚሄዱ መስመሮች አሉ፤ አንዱ ገፋ፣ አንዱ ገባ፣ እንደገና ገፋ። ዋሻው ውስጥ ያያችሁት ነጭና ጥቁር እዚህ አንድ ቀለም ሆነ እንጂ ቅርጹ ያው ነው። ጠራቢው እንጨትና ልስን እንዲመስል አንዱን መስመር ወደ ውጭ ትቶ፣ ሌላውን ወደ ውስጥ ቆርጦታል። መስኮቶቹም ማዕዘናቸው ላይ አራት ማዕዘን ጉብጉብ አላቸው። የምትዘጋው መስኮት የለችም፤ የምትይዘው ሳንቃ የለም፤ ግን የእንጨት መቃን ናት።

በሥራው የቆዩ አስጎብኚዎች ይህን አሳምረው ያውቁታል። አንዳንዶቹ እንደሚሉት ዋሻውን ቀድሞ ያየ እንግዳ ቤተ አማኑኤል ፊት ሲደርስ ማስረዳት አያስፈልገውም፤ ራሱ ጣቱን ይቀስራል። ያላየው እንግዳ ግን «ለጌጥ ነው?» ብሎ ጠይቆ ያልፋል።

አጥኚዎችን ያከራከረውም የዚህ መልክ ትርጉም ነው። ትውፊቱ 11ዱንም አብያተ ክርስቲያናት ለአንድ ንጉሥ ዘመን ይሰጣል፤ መላእክትም በሌሊት እንዳገዙት ይነገራል። የታወቀው አርኪዮሎጂስት ዴቪድ ፊሊፕሰን ግን ሥራው በተለያየ ዘመን፣ በበርካታ መቶ ዓመታት ውስጥ ደረጃ በደረጃ የተከናወነ ነው ብሎ ተከራክሯል። ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልና ቤተ መርቆሬዎስ ከመጀመሪያው ለቤተ ክርስቲያንነት የታሰቡ ላይሆኑ ይችላሉ የሚለውም እሱ ነው። አንድ ካህን ይህን ሲሰሙ ፈገግ ብለው ዝም ማለታቸውን አይቻለሁ፤ አልተቆጡም፤ መልስም አልሰጡም።

እዚህ ቦታ ፎቶ ማንሳት የሚያስቸግርበት ሌላ ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በቤተ መድኃኔ ዓለም፣ በቤተ ማርያም፣ በቤተ አማኑኤልና በቤተ አባ ሊባኖስ ላይ ትልልቅ መጠለያዎች ተተከሉ። አለቱ ለስላሳ ነው፤ ዝናብ ይበላዋል፤ መጠለያው ለጊዜው ያድነዋል ተብሎ ነበር። ጊዜው ረዘመ። እ.ኤ.አ. በ2018 የከተማዋ ነዋሪ መጠለያዎቹ በቤተ ክርስቲያናቱ ላይ እንዳይወድቁ ሰግቶ አደባባይ ወጣ፤ በዓመቱ የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ላሊበላ ድረስ መጥተው እርዳታ ቃል ገቡ። ለካሜራ ያለው መዘዝ ቀላል ነው፤ ቀጥታ ፀሐይ ግድግዳው ላይ አያርፍም። ገፋና ገባ ያለ ነገር የሚታየው ደግሞ በጥላው ነው። ጥላ ከሌለ ቤተ አማኑኤል ዝርግ ቀይ ግድግዳ ይመስላል።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ፀሐይ ዝቅ ስትል በመጠለያው ሥር በጎን ሾልኮ የሚገባውን ብርሃን መጠበቅ ነው። ሁለተኛው ፊት ለፊት አለመቆም ነው፤ ወደ ማዕዘኑ ጠጋ ብሎ ግድግዳውን በሰያፍ ማየት፤ ያኔ መስመሮቹ በጠርዙ ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ ይወጣሉ። ጉድጓዱ ጠባብ ስለሆነ ስልኩን ወደ ላይ ቀና ካደረጋችሁት ግድግዳው ወደ ኋላ ይዘምማል። ከላይ ካለው ጠርዝ፣ ካሜራውን ሳያዘነብሉ ማንሳት ያንን ያድናል። አንድ ሰው ቢገባበት ደግሞ መልካም ነው፤ በራሱ ፈቃድ ግድግዳው ሥር ቆሞ የሚጸልይ ሰው ከማንኛውም ሜትር ይልቅ ቁመቱን ይናገራል። ሰውየውን ግን መጠየቅ ያሻል።

ብዙ ፎቶ አንሺዎች የመጠለያውን ምሰሶ ከፎቶው ለማስወጣት ወገባቸው እስኪቀጭ ይጎነበሳሉ። ያልሆነላቸው በኮምፒውተር ያጠፉታል። አልስማማም። ምሰሶው አስቀያሚ ነው፤ ግን አለ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ያን ፎቶ የሚያይ ሰው በእኛ ዘመን ቤተ ክርስቲያኑ በምን ሁኔታ እንደነበረ ማወቅ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ቤተ ጊዮርጊስ መሄድ ይቻላል፤ ከላይ ሳይሆን በዋሻ መንገዱ ወርዶ። ከግቢው ቆማችሁ ሁለቱን የመስኮት መደዳዎች አስተያዩ። የላይኞቹ 12 መስኮቶች ጫፋቸው ሾሎ፣ ቅጠልና አበባ ተቀርጾባቸው ብርሃን ያስገባሉ። የታችኞቹ ዘጠኙ ግን የተዘጉ ናቸው፤ የአክሱም መስኮት መልክ ብቻ ናቸው፤ ከነማዕዘን ጉብጉባቸው። አንድ ሕንጻ ላይ ከታች ጥንታዊው፣ ከላይ አዲሱ። ከጠርዝ በተነሳው ፎቶ ይህ አይነበብም። ጣሪያው ላይ ያሉት አሸንዳዎችም ከታች ነው የሚታዩት፤ የዝናቡን ውኃ ከግድግዳው አርቀው የሚያፈሱት እነሱ ናቸው። ድንጋይ ጣሪያ ላይ አሸንዳ ያሰበ ጠራቢ ዝናብን በደንብ የሚያውቅ የአገሬው ሰው መሆኑ አያጠራጥርም።

ከሌንስ በፊት የነበሩ እጆች

ላሊበላን ላላየ ሰው ማሳየት ጥንትም ከባድ ነበር። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ አይቶ ጻፈው፤ መጽሐፉ በ1540 ታተመ። የሚያነበው ሰው አያምነኝም ብሎ እጅግ ፈርቶ ነበር፤ እውነት መሆኑንም በመሐላ እስከማረጋገጥ ደርሷል። በእጁ ላይ ካለው ብዕር በቀር ማስረጃ የለውም። ካሜራ ይዘን የምንሄድ ሰዎች ይህን ፍርሃት አናውቀውም።

እ.ኤ.አ. በ1882 ፈረንሳዊው አሺል ራፍሬ የአብያተ ክርስቲያናቱን ንድፍ ይዞ ወጣ። በ1930ዎቹ መጨረሻ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ሊኖ ቢያንኪ ባሪቪዬራ የተባለው ሠዓሊ እያንዳንዱን ሕንጻ እየለካ በብረት ላይ ቀረጸ። ወራሪ ጦር በያዘው አገር የተሠራ ሥራ ነው፤ ይህን መርሳት አይቻልም። ሆኖም በዚያን ጊዜ የትኛው መስኮት ተሰብሮ፣ የትኛው ዓምድ ወድቆ እንደነበር ከእነዚያ ሥዕሎች ማየት ይቻላል። ቀጥሎ የስዊዘርላንዱ ፎቶ አንሺ ጌኦርግ ጌርስተር መጣ፤ በ1960ዎቹ ያነሳቸው ሥዕሎች በዓለም ላይ የላሊበላ መልክ ሆነው ቀሩ። ዛሬ ከጠርዙ ላይ የምናነሳው ፎቶ እንዲህ ካሉ ሥዕሎች ብዙ ተምሯል።

በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ፣ ሳንድሮ አንጀሊኒ በተባለ ጣሊያናዊ አርክቴክት መሪነት ትልቅ የጥገና ሥራ ተከናወነ። ቀደም ሲል ለጥገና በሚል የተቀባውን ሬንጅና ቀይ ቀለም ማስለቀቅ ከሥራው አንዱ ነበር። እዚህ ላይ ነው አሮጌ ፎቶ ዋጋው የሚታየው። ቅርስ ጠጋኝ ባለሙያዎችን ስታነጋግሩ የሚጠይቁት የሚያምረውን ፎቶ አይደለም። የኋላውን ግድግዳ፣ ስንጥቁን፣ ከአሸንዳው በታች ያለውን እርጥበት ነው። ስንጥቅ ሰፍቷል ወይስ እንደነበረው ነው የሚለውን ለማወቅ የአምናውን ፎቶ ከዘንድሮው ማስተያየት ይበቃል፤ ሁለቱም ከአንድ ቦታ ከተነሱ። ቱሪስቱ ፊት ለፊቱን ብቻ ሲያነሳ ኖሮ የኋላው ግድግዳ ምስል እንደ ወርቅ ብርቅ ሆኗል። ፎቶ ስታስቀምጡ ቀኑንና የየትኛው አቅጣጫ ግድግዳ እንደሆነ ጻፉበት።

«የሚጠይቁት የሚያምረውን ፎቶ አይደለም፤ የኋላውን ግድግዳ ነው።»

የማይነሳው

ቤተ ማርያም ውስጥ በጨርቅ የተሸፈነ ዓምድ አለ። ካህናቱ የብርሃን ዓምድ ይሉታል፤ ያለፈውና የሚመጣው ተጽፎበታል ይባላል፤ ጨርቁን ገልጦ ማየት አይፈቀድም። ጨርቁን ማንሳት ትችላላችሁ፤ በካሜራ ማለቴ ነው። መቅደሱ ደግሞ ጭራሽ አይነሳም፤ መጋረጃው እዚያ ያለው ለዚሁ ነው። ገብቶ የሚያስቀድስ ሰው መሐል ቆሞ ስልክ መደቀንም ነውር ነው፤ ቢፈቀድም።

ካህናቱ ስለ ፎቶ ያላቸው ስሜት አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዶቹ መስቀሉን ይዘው፣ ካባውን ለብሰው፣ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ለፍላሹ ብለው ጥቁር መነጽር የሚያደርጉም አሉ፤ ፈረንጆች በዚህ ይስቃሉ። ቀኑን ሙሉ ዓይናቸው ላይ የሚያበራባቸው ሰው ቢኖር እነሱም ያደርጉት ነበር። ሌሎች ካህናት ደግሞ ፊታቸውን ያዞራሉ። አንድ የደብር አገልጋይ እንዳሉት የሚያስከፋቸው ፎቶ መነሳቱ አይደለም፤ ሰላም ሳይባሉ መነሳታቸው ነው። «አባቴ፣ ይባርኩኝ» ብሎ መስቀል ተሳልሞ የጠየቀ ሰው እምቢ ሲባል አላየሁም። የተነሳውን ፎቶ አሳትሞ መላክ ደግሞ ሌላ ዋጋ አለው፤ «እንልክልዎታለን» ብሎ የጠፋው እንግዳ ብዙ ስለሆነ የላከው ሰው ስሙ በቅዳሴ ሳይቀር ይነሳል ይላሉ በቀልድ።

መስቀል ማሳየት ላይ ጥንቃቄው የጨመረበት ምክንያትም አለ። አፍሮ አይገባ የተባለው ታዋቂው የቤተ መድኃኔ ዓለም መስቀል እ.ኤ.አ. በ1997 ተሰርቆ ባሕር ተሻግሮ ነበር፤ ከቤልጂየም ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ዕቃ ቤት አሳዩኝ የሚል ሰው በጥርጣሬ ቢታይ አይፈረድም።

በገና ሰሞን የሚሄድ ሰው ሌላ ነገር ይገጥመዋል። ከየአውራጃው በእግሩ የመጣ ሕዝብ ነጠላውን አጣፍቶ አለቱን ይሞላዋል። ቤዛ ኩሉ በሚዘመርበት ሰዓት በቤተ ማርያም ግቢ ካህናቱ ከላይና ከታች ቆመው ሲያሸበሽቡ ጥሩ ቦታ ለመያዝ የካሜራ ባለሙያው ከሌሊት ጀምሮ ይጋፋል። ለሕንጻ ፎቶ ይህ የከፋ ጊዜ ነው፤ ለሰው ፎቶ ግን ወደር የለውም። ሁለቱን ባንድ ጉዞ እሠራለሁ የሚል ሁለቱንም ያጣል። ድሮን ለማብረር ያሰበ ደግሞ ፈቃድ እንደሚያስፈልገው ይወቅ፤ የስንቱ እንግዳ ድሮን ቦሌ ጉምሩክ ቀርቷል።

ከኮሮና ወረርሽኝና ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ እንግዳው ሳስቷል። ጫማ ጠባቂው፣ የቡና ባለቤቷ፣ ሥዕልና መስቀል ሻጩ፣ ሁሉም ይህን አስቀድመው ይነግሯችኋል። አስጎብኚዎች ሌላ ሥራ ፍለጋ ከከተማዋ ወጥተዋል። መንገዱን አስቀድሞ ጠይቆ፣ ሰላሙን አረጋግጦ መነሳት ያስፈልጋል። አስጎብኚ ሳይዙ መዞር ርካሽ ሊመስል ይችላል፤ ግን ጠባቧን በርና የብርሃኑን ሰዓት የሚያውቀው እሱ ነው።

ገመዱ ላይ

መልኩን መከተል የወደደ ሰው መንገዱ ወደ ሰሜን ይቀጥላል። አክሱም ላይ የሚነሳው ሐውልቱ በሙሉ ብቻ አይደለም፤ በሩ ነው። ከሮም የተመለሰውን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1937 ተወስዶ፣ በ2005 በሦስት ቁራጭ መጥቶ፣ በ2008 ተተክሏል፤ 24 ሜትር ቁመቱን በስልክ ለማስገባት ሁሉም ወደ ኋላ ይሸሻል። ወደ ኋላ የሸሸ ሰው የድንጋዩን ቁልፍ አያየውም። ጠጉ፤ ብርሃኑ ሰያፍ ሲሆን ጠጉ።

የዚህ ሁሉ የእንጨት ዘር ከሁሉ ይልቅ በግልጽ የሚታይበት ቦታ ግን የደብረ ዳሞ ገዳም ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ የዝንጀሮ ራሶቹ እውነተኛ እንጨት ናቸው፤ ክብ ክብ ጫፎች በመደዳ ወጥተው ይታያሉ። እ.ኤ.አ. በ1906 ኤኖ ሊትማን የመራው የጀርመን የአክሱም ጉዞ ቡድን እዚያም ደርሶ ነድፎታል፤ አርክቴክቱ ቴዎዶር ፎን ሊፕከ የሠራቸው ንድፎች በ1913 ታትመው ዛሬም ድረስ ይጠቀሳሉ። በ1940ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ዴሬክ ማቲውስ የተባለ እንግሊዛዊ አርክቴክት ጠግኖታል። በሰሜኑ ጦርነት ገዳሙ ጉዳት እንደደረሰበት ተዘግቧል፤ ከዚያ በኋላ የተነሱ ጥሩ የግድግዳ ፎቶዎች ያሉት ሰው ብርቅ ነገር ይዟል።

ወደ ደብረ ዳሞ አምባ የሚወጣው በገመድ ነው፤ 15 ሜትር ያህል ገደል። ሴት ደግሞ አይገባም። የዚህ መጽሔት አንባቢ ግማሹ፣ ምን ቢፈልግ፣ ያንን ግድግዳ የሚያየው ሌላ ሰው ባነሳው ፎቶ ብቻ ነው። የሚወጡት ወንዶች ግን በብዛት ይዘው የሚመለሱት ገመዱ ላይ ተንጠልጥለው ያነሱትን የራሳቸውን ሥዕል ነው። ወንድሞቻችን፣ ላይ ከደረሳችሁ በኋላ የዝንጀሮ ራሶቹንም አንሱልን፤ በአራቱም ወገን።